‘በምን አወቅህ?’ ብለሽ ጀምሪ፦ የህንድንና የምዕራቡን ፍልስፍና ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ስለማስተማር

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ህንድ፣ ፑኔ ነው። ማስተርሴን በፍልስፍና እዚሁ ጨርሼ አንድ የግል ትምህርት ቤት ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ፍልስፍና እንዳስተምር ቀጥሮኛል። የህንዱንም የምዕራቡንም ነው። የተሰጠኝ መጽሐፍ መጀመሪያ የህንዶቹን ጎራዎች በየተራ ይዘረዝራል፣ ከዚያ ከግሪክ ተነስቶ እስከ ካንት ይሄዳል። ልጆቹ ይሸመድዳሉ፣ ግን አይከራከሩም። የውጭ ሰው ስለሆንኩ ደግሞ ሃይማኖታቸውን የነካሁባቸው እንዳይመስላቸው እፈራለሁ። ከየት ልጀምር? ሁለቱን እንዴት ጎን ለጎን ላስኪዳቸው? ከእኛ አገርስ የሚገባ ነገር ይኖር ይሆን?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ፍልስፍና ማስተማር ከባድ ነው፣ ግን ከዚህ የሚበልጥ ደስ የሚል ሥራ አላውቅም።

እኔ ዴልሂ ውስጥ ይህንኑ 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መጽሐፉ እንዳዘዘኝ ነው የሄድኩት። ቬዳና ኡፓኒሻድ የሚባሉት የጥንት ቅዱሳት መጻሕፍት፣ ቡድሂዝም፣ ጄይኒዝም፣ ስድስቱ ጎራዎች (ኒያያ፣ ሳንክያ፣ ሚማምሳና ሌሎቹ)፣ ከዚያ ታሌስ፣ ሶቅራጥስ፣ ፕላቶ እያልኩ እስከ ካንት። ልጆቹ ፈተናውን አለፉ። አንድ ቀን አንዷን ጎበዝ ተማሪ ስለ ጥንቱ ህንዳዊ ፈላስፋ «ሻንካራ ምን አለ?» አልኳት። «ዓለም ማያ፣ ማለት ማታለያ ናት አለ» አለችኝ፣ ሳታመነታ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? እውነቱን ነው?» ስላት ዝም ብላ አየችኝ። ጥያቄው አልገባትም። ሻንካራ ሊሳሳት እንደሚችል፣ እሷም እሺ ወይም እምቢ ማለት እንደምትችል ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ እኔም አልነገርኳትም። ያን ቀን ማታ የትምህርት እቅዴን እንደ አዲስ ጻፍኩት።

ስለዚህ የምመክርሽ በጎራ ሳይሆን በጥያቄ እንድትጀምሪ ነው። ከጥያቄዎችም መጀመሪያ «በምን አወቅህ?» የሚለውን ያዢ። ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። የህንድ ፈላስፎች ራሳቸው ከዚህ ይጀምራሉ። ፕራማና ይሉታል፣ ዕውቀት የሚገኝበት መንገድ እንደማለት ነው። ስንት መንገድ አለ በሚለው ላይ ደግሞ ለዘመናት ተከራክረዋል። ቻርቫካ የሚባሉት፣ ከቁስ ሌላ የለም የሚሉት፣ አንድ ብቻ ነው ይላሉ፣ በዓይን በጆሮ በእጅ የሚደረስበት። ዲግናጋና ድሃርማኪርቲ የሚባሉት የቡድሂስት ሊቃውንት ሁለት አሉ፣ ማየትና ከምልክት ተነስቶ መደምደም። ሳንክያ የታመነ ሰው ቃል ጨምሮ ሦስት ይላል። ኒያያ ማመሳሰልን ጨምሮ አራት ያደርገዋል። የሻንካራ ጎራ አድቫይታ ስድስት ድረስ ይሄዳል። አየሽ፣ መጽሐፉ በአምስት ምዕራፍ በታትኖ ያስቀመጠውን ልጆቹ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ተሰብስበው ሲጣሉ ያዩታል። ምዕራቡም ሲመጣ እንግዳ አይሆንባቸውም። ዴካርትና ሎክ በዚሁ ጠብ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ተጨማሪ ተከራካሪዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አታስከፍቻቸው። ወረቀት ያውጡ። «ዛሬ ጠዋት ያወቃችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፣ ከጎኑ በምን እንዳወቃችሁት ጻፉ» በያቸው። አንዱ «ሻዩ ያቃጥል ነበር፣ ምላሴ ተላጠ» ይላል። ሌላዋ «ሌሊት ዘንቧል፣ መንገዱ ረጥቦ አየሁ» ትላለች። ሦስተኛው «በክሪኬት አሸንፈናል፣ አባቴ ነገረኝ»። ሰሌዳው ላይ በሦስት ረድፍ ታሰፍሪያቸዋለሽ። ከዚያ «የተወለዳችሁበትን ቀን በምን አወቃችሁ?» ብለሽ ጠይቂ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ሁሉም እርግጠኛ ነው፣ ማንም ግን አላየም፣ ከምልክት የደረሰበትም የለም። ያለው የሰው ቃል ብቻ ነው። ይህ የሰው ቃል ራሱን የቻለ የዕውቀት ምንጭ ነው ወይስ «እናቴ ዋሽታኝ አታውቅም፣ ስለዚህ...» ብለን የምንደርስበት ግምት ነው? ኒያያ የመጀመሪያውን ይላል፣ ተናጋሪው ነገሩን የሚያውቅና የማይዋሽ እስከሆነ ድረስ። ቡድሂስቶቹ ሁለተኛውን ይላሉ። ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም ደግሞ ስለ ተአምር በጻፈው ላይ የሰውን ቃል የምናምነው ልምድ ስላስተማረን ነው ይላል፣ ስለዚህ በዚህ ነጥብ ወደ ቡድሂስቶቹ ይጠጋል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት አህጉር ተገናኘ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ጭሱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህን ትምህርት በደንብ ከያዝሽው የዓመቱ ግማሽ በእጅሽ ነው።

የኒያያ ሰዎች ሙግትን በአምስት እርምጃ ያስቀምጣሉ። ኮረብታው ላይ እሳት አለ። ጭስ አለና። ጭስ ባለበት ሁሉ እሳት አለ፣ ለምሳሌ ማድ ቤት ውስጥ። ይህም ኮረብታ እንደዚያው ይጨሳል። ስለዚህ ኮረብታው ላይ እሳት አለ። አሪስቶትል ይህንኑ በሦስት ይጨርሰዋል፦ የሚጨስ ሁሉ እሳት አለው፣ ኮረብታው ይጨሳል፣ ስለዚህ እሳት አለው። ልጆቹን «ኒያያዎች ሁለቱን ለምን ጨመሩ?» ብለሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «ይደጋግማሉ» የሚል ነው። ትንሽ ታገሻቸው። አንዱ ይደርስበታል። የአሪስቶትሉ የሐሳቡን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። የኒያያው ግን ፊት ለፊትህ ቆሞ የሚጠራጠርህን ሰው ለማሳመን የተሠራ ነው። መጀመሪያ የምትለውን ትነግረዋለህ፣ ምክንያትህን ትሰጠዋለህ፣ ሁለታችሁም የምታውቁትን ማድ ቤት ታስታውሰዋለህ፣ ወደ ኮረብታው ትመልሰዋለህ፣ ከዚያ ትዘጋለህ። ምሳሌው በሙግቱ ሆድ ውስጥ ነው። ምሳሌ ማቅረብ ካልቻልክ ሙግትህ ጎዶሎ ነው።

ከዚህ በኋላ ልጆቹ እንዲያፈርሱት ፍቀጂላቸው። እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ተነስቶ «የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጭስ በማሽን ለቀቁ፣ እሳት የሚባል አልነበረም» አለ። ሌላዋ ቀጠለች። «በጥር ባቡር የሚያዘገየው የዴልሂ ጉምስ? ከሩቅ ጭስ ነው የሚመስለው።» ሦስተኛው ገለበጠው። «ቤታችን ያለው የጋዝ ምድጃ እሳት አለው፣ ጭስ የለውም።» እንደዚህ ሲሆን ደስታሽን አትደብቂ። ሦስቱም ሳያውቁት የድሮ ሊቃውንት የተጨነቁበት ቦታ ደርሰዋል። ጉምን ጭስ ነው ብሎ መሳሳት ከጥንት ጀምሮ የተሳሳተ ምክንያት ምሳሌ ነው። የጋዝ ምድጃውን ጥያቄ ደግሞ ኒያያዎች በጋለ ብረት ነው የሚያነሱት። የጋለ ብረት እሳት አለው፣ አይጨስም። ስለዚህ ከጭስ ወደ እሳት መሄድ ይቻላል፣ ከእሳት ወደ ጭስ ግን አይቻልም፣ እርጥብ እንጨት ካልተጨመረ በስተቀር። ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ላይ የምታዪውን ነገር አትረሺውም። የእነሱ ሐሳብ ከመቶዎች ዓመታት በፊት በቁም ነገር ተይዞ ነበር።

ከዚያ ቻርቫካን አምጪ። «ጭስ ባለበት ሁሉ» ትላላችሁ፣ ሁሉን ማን አየው? ትናንትን፣ ነገን፣ የሩቁን አገር ማድ ቤት ማን ገብቶ ቆጠረ? ይህን ከጻፍሽ በኋላ አጠገቡ ሂዩምን ጻፊ። እ.ኤ.አ. በ1739 እና በ1748 ባሳተማቸው ሥራዎቹ ያነሳው ይህንኑ ነው። ፀሐይ እስከዛሬ ወጥታለች፣ ነገም ትወጣለች ለማለት ያለን ምክንያት ምንድን ነው? ያለፈው ወደፊትም ይቀጥላል ካልን፣ ይህን ራሱን በምን አወቅን?

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቂ። «አየህ፣ ህንዶቹ ሂዩምን ቀድመውታል» ብለሽ አትዝጊው። ልጆቹ ይህን መስማት ይወዳሉ፣ ያጨበጭባሉም፣ ግን ማሰቡ እዚያው ይቆማል። ይልቅ ልዩነቱን እንዲፈልጉ አድርጊያቸው። ሂዩም መደምደማችንን አናቆምም፣ ልማድ ነው የሚገፋን ይላል፣ የሰውን ተፈጥሮ ነው የሚያጠናው። ቻርቫካ ግን ካላየኸው አታውቀውም ብሎ ሌላውን ሁሉ ለማፍረስ ነው የሚጠቀምበት፣ ከሞት በኋላ ያለውን ዓለምና የካህናቱን መሥዋዕት ጭምር። አንድ ሌላ ነገርም ንገሪያቸው። የቻርቫካዎቹ የራሳቸው ድርሳናት በአብዛኛው ጠፍተዋል። የምናውቃቸው ባላጋራዎቻቸው ስለእነሱ ከጻፉት ነው። ባላጋራህ በጻፈው ብቻ ብትታወቅ ምን ትመስል ነበር? ይህች ጥያቄ ብቻዋን አንድ ክፍለ ጊዜ ትወስዳለች፣ ውሰጂላት።

መልሱንም አትርሺ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በሚቲላ የነበረው ጋንጌሻ ለተጠራጣሪው የሚሰጠው መልስ ለዚህ ዕድሜ ልጆች የተሠራ ይመስላል። ጭስ ያለ እሳት ሊመጣ ይችላል ብለህ ከልብህ የምትጠራጠር ከሆነ፣ ጭስ ሲያስፈልግህ ለምን እሳት ታነዳለህ? ሲርብህስ ለምን ትበላለህ? ልታስረዳኝ ስትፈልግ ለምን ትናገራለህ? ጥርጣሬህን ሥራህ ያፈርሰዋል። ከዚያ ጠይቂያቸው፦ ይህ ለሂዩም መልስ ይሆናል? ሂዩም «በሥራዬማ እስማማለሁ፣ የጠየቅኩት ግን ምክንያቱን ነው» ይላል። ማን አሸነፈ? እኔ ለራሴ ጋንጌሻ ወዳለበት አዘነብላለሁ፣ ግን ይህን ለልጆቹ የነገርኳቸው እነሱ የየራሳቸውን ጽፈው ካስረከቡኝ በኋላ ነው። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ሁለተኛው ትልቅ ጥያቄ «እኔ ማነኝ?» ይሁን። ለዚህ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ ተለያይተው ነው የኖሩት የሚለውን ወሬ ከሥሩ የሚነቅል ታሪክ አለልሽ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሜናንደር የሚባል ግሪካዊ ንጉሥ የህንድን ሰሜን ምዕራብ ይገዛ ነበር። በፓሊ ቋንቋ ሚሊንዳ ይሉታል። ከናጋሴና ከተባለ የቡድሂስት መነኩሴ ጋር ያደረገው ክርክር ተጽፎ ቆይቶናል። ናጋሴና «ናጋሴና የሚባል ማንም የለም፣ ስም ብቻ ነው» ይለዋል። ንጉሡ ይገረማል። መነኩሴው ይጠይቀዋል፦ በምን መጣህ? በሠረገላ። ሠረገላው የቱ ነው? ጎማው ነው? አይደለም። መዘውሩ? አይደለም። ቀንበሩ? አይደለም። ታዲያ ሠረገላው የት አለ?

እኔ ይህን የማስተምረው በእስክሪብቶ ነበር። ክዳኑን አነሳለሁ፣ ጫፉን እፈታለሁ፣ ቀለሙን አወጣለሁ፣ ስፕሪንጓን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። በእያንዳንዱ «እስክሪብቶው ይሄ ነው?» እላለሁ። ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ አምስት ነገር አለ፣ እስክሪብቶ ግን የለም። ከዚያ ቀስ ብዬ «ከእናንተ ሰውነቱ፣ ስሜቱ፣ ትዝታው፣ ሐሳቡ አንድ በአንድ ቢነሳ ‘እኔ’ የሚለው የት ይቀራል?» እላለሁ። ድምፅ አይሰማም። ሂዩምም ወደ ውስጡ ሲመለከት የሚያገኘው ሁልጊዜ ሙቀት ወይም ብርድ፣ ፍቅር ወይም ጥላቻ ነው፣ ‘እኔ’ የሚባለውን ለብቻው ይዞት አያውቅም። ዴካርት በሌላው ጥግ ቆሟል፣ በ1641። ሁሉን ልጠራጠር፣ የምጠራጠረው እኔ ግን አለሁ ይላል።

የኒያያን መልስ የዘለለ መምህር ግን ልጆቹን ይበድላቸዋል። መጽሐፉ ላይ አንዲት መስመር ብትሆን ነው። ማንጎውን በዓይንህ አየኸው፣ ከዚያ በእጅህ ያዝከው። «ያየሁትን ነው የያዝኩት» ትላለህ። ዓይን አይዝም፣ እጅ አያይም። ታዲያ ሁለቱን አንድ ነገር ነው ብሎ የሚያገናኘው ማነው? ዓይኑም እጁም ያልሆነ አንድ መኖር አለበት። ማንጎ ይዘሽ ግቢ። ፑኔ ውስጥ በሚያዝያና በግንቦት ማንጎ አይጠፋም። አንድ ተማሪ ዓይኑን ጨፍኖ ይያዘው፣ ሌላው ሳይነካ ይየው፣ ከዚያ «ያየሁት የያዝከውን ነው» ለማለት ምን እንደሚያስፈልጋቸው ይንገሩሽ። መነጋገር አለባቸው። አንድ ሰው ሲሆን ግን ማን ከማን ጋር ይነጋገራል?

አሁን መጽሐፎቹና መምህራን ስለሚያደርጓቸው ስህተቶች ላንሳ፣ አንዳንዶቹን እኔም አስተምሬያለሁና።

አንደኛ፣ አስቲካና ናስቲካ የሚባሉትን «በእግዚአብሔር የሚያምኑ» እና «የማያምኑ» ብለሽ አትተርጉሚ። በፍልስፍናው መስክ መለያው የቬዳን ሥልጣን መቀበልና አለመቀበል ነው። ሳንክያ አስቲካ ነው፣ ጥንታዊው ሳንክያ ግን ፈጣሪ አያስፈልገውም። ሚማምሳም ለቬዳ ሲል ይሞታል፣ ዓለምን የፈጠረ አምላክ ግን አያስገባም። ይህን ያወቀ ልጅ «የህንድ ፍልስፍና ሃይማኖት ነው» የሚለውን ወሬ ሁለተኛ አይደግምም። «ምዕራቡ ምክንያት፣ ምሥራቁ መንፈስ» የሚለውም እዚያው ይወድቃል። አንድ ወገን ኒያያና ድሃርማኪርቲ፣ ሌላ ወገን ስለ ነፍስና ስለ አምላክ የጻፉት ፕሎቲኖስና አውግስጢኖስ እያሉ ይህ አባባል እንዴት እንደቆየ ይገርመኛል።

ሌላው፣ የሳንክያን ፑሩሻና ፕራክሪቲ ከዴካርት አእምሮና አካል ጋር አንድ አድርጎ መጻፍ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ በየዓመቱ አየዋለሁ። በሳንክያ ማሰቢያው፣ ‘እኔ’ ባዩ፣ አእምሮው ሁሉ በፕራክሪቲ፣ ማለት በቁሱ በኩል ነው ያለው። ፑሩሻ ተመልካች ብቻ ነው። ዴካርት ነፍስ የሚለውን አብዛኛውን ሳንክያ ቁስ ውስጥ ይከተዋል። መስመሩ የተሰመረው ሌላ ቦታ ላይ ነው፣ ውበቱም እዚያ ነው።

የጄይኖቹ አኔካንታቫዳም አለ። አንዱን ዝሆን በየቦታው ዳስሰው የተለያየ ነገር ነው ያሉትን የዓይነ ስውራኑን ተረት ልጆቹ ከታች ክፍል ጀምሮ ያውቁታል፣ ስለዚህ «ሁሉም ትክክል ነው» ብለው ይደመድማሉ። አይደለም። ጄይኖቹ ነገር ብዙ ገጽ አለው፣ የምትናገረው ከየትኛው ገጽ እንደሆነ ተናገር ነው የሚሉት። አንዱን ገጽ ይዞ «ሙሉው ይህ ነው» ያለ ሰው ተሳስቷል ይላሉ፣ በግልጽ። ስንፍናን አይባርኩም።

ዳርማን (ግዴታም ሕግም ሥርዓትም የሚሆነውን) «ሃይማኖት» ብለሽ አትተርጉሚ፣ ማናስንም (የማሰቢያውን የውስጥ መሣሪያ) «ነፍስ» አትበይ። ቃሉን እንዳለ ተይውና ሥራውን አሳዪ።

ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። የውጭ ሰው መሆንሽ ይከብዳል፣ ይገባኛል። ክፍልሽ ውስጥ ሂንዱም፣ ሙስሊምም፣ ጄይንም፣ ክርስቲያንም፣ የአምቤድካርን መንገድ የተከተሉ ቡድሂስቶችም (ስለ እሱ ወደታች እመለሳለሁ) ሊኖሩ ይችላሉ። መፍትሔው ርዕሱን መሸሽ አይደለም። እዚያው አገር የተፈጠረ ሥርዓት አለልሽ፣ ፑርቫፓክሻ ይባላል። የራስህን ከማለትህ በፊት የባላጋራህን ሐሳብ፣ እሱ ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ አሳምረህ ታቀርባለህ። ከዚያ ነው ሲድሃንታ፣ ማለት የራስህ ውሳኔ የሚመጣው። ይህን የክፍሉ ሕግ አድርጊው። ስለ እግዚአብሔር መኖር ስትደርሺ ቶማስ አኩይናስን ከኒያያው ኡዳያና ጋር አቆራኚ። ሁለቱም ይሟገቱለታል። የሚያምነው ልጅ የተጠራጣሪውን ወገን ይዞ ይናገር፣ የሚጠራጠረው የአማኙን። አኩይናስም ራሱ መጀመሪያ ተቃውሞዎቹን ደርድሮ ነው መልስ የሚጀምረው፣ አሳዪያቸው። በ11 ዓመት ውስጥ በዚህ ሕግ የተመራ ክርክር ጠብ ሆኖብኝ አያውቅም። ጠብ የሆነብኝ ሕጉን የዘለልኩት ቀን ነው።

ከዚያው ጋር የክርክር ዓይነቶችን ስም አስተምሪያቸው። ኒያያ ሦስት ይላል፦ ቫዳ እውነትን ለማግኘት፣ ጃልፓ ለማሸነፍ ብቻ፣ ቪታንዳ የራስን ሳይዙ የሰውን ለማፍረስ። እኔ ክፍል ልጆቹ ራሳቸው እርስ በእርስ «ይሄ ጃልፓ ነው!» እየተባባሉ ይተራረሙ ነበር። መምህር መቆጣት አያስፈልገውም።

ከሥነ ምግባር ክፍል የምትጠነቀቂለት ጊታ ነው፣ ክሪሽና ለጦረኛው አርጁና በጦር ሜዳ የሰጠው ትምህርት። መጽሐፎች ኒሽካማ ካርማን ከካንት ግዴታ ጋር ያቆራኛሉ፣ ጥሩ ነው። አንዱ ፍሬውን ሳታይ ሥራህን ሥራ ይላል፣ ሌላው በ1785 ባወጣው ሥራ መልካም የሚያደርገው ውጤቱ ሳይሆን ፈቃዱ ነው ይላል። ግን «ግዴታህ ምንድን ነው?» ሲባል ይለያያሉ። የካንት ሕግ ለማንኛውም አሳቢ ፍጡር አንድ ነው። ለአርጁና የተነገረው ግን የጦረኛ ወገን ስለሆነ ያለበት ግዴታ ነው። ይህን ካላነሳሽ ክፍሉ ውስጥ በዘር ደረጃ ምክንያት የተጎዳ ቤተሰብ ልጅ ዝም ብሎ ያዳምጥሻል፣ ዝምታው ግን ይሰማሻል። ስለዚህ አምቤድካርን በስሙ አስገቢው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከጆን ዱዊ እግር ሥር የተማረ፣ የህንድን ሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴ የመራ፣ ጊታን በብርቱ የተቸ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. በናግፑር ከመቶ ሺህዎች ጋር ቡድሂዝምን የተቀበለ ሰው ነው። ናግፑር ያንቺው ክፍለ ግዛት ከተማ ናት። ጋንዲ ደግሞ ያንኑ ጊታ የልብ ውስጥ ጦርነት አድርጎ አነበበው። ሁለቱንም በፑርቫፓክሻ ሕግ አቅርቢያቸው። በነገራችን ላይ ጊታ ያለበትን የጥንቱን የጀግንነት ግጥም የማሃብሃራታን ትልቁን የተነጻጸረ እትም ያዘጋጀው፣ በ1966 እ.ኤ.አ. የጨረሰውም፣ እዚያው ፑኔ ያለው የብሃንዳርካር ተቋም ነው። ፈቃድ ጠይቂና ልጆቹን ውሰጃቸው። አንድ ጽሑፍ በስንት የእጅ ቅጂ ተነጻጽሮ እንደሚወሰን ያየ ልጅ «ተጽፏል» ሲባል «በየትኛው ቅጂ?» ማለት ይለምዳል።

ሴቶች ልጆች ካሉሽ በኡፓኒሻድ ውስጥ ያለችውን ሴት ፈላስፋ ጋርጊን አትርሺ። በንጉሥ ጃናካ ጉባኤ መሐል ሊቁን ያግናቫልክያን «ይህ በምን ላይ ተሸመነ? ያስ በምን ላይ?» እያለች እስከ ጫፍ ትገፋዋለች። «ጋርጊ፣ ከመጠን አትጠይቂ፣ ራስሽ እንዳይወድቅ» ይላታል። ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ ግን ሁለት ጥያቄ ይዛ ትመለሳለች። ከሶቅራጥስ ፍርድ ጋር አንብቡት። መጠየቅ የሌለበት ጥያቄ አለ ወይ? የሚከለክለውስ ማነው?

ከእኛ አገር ያልሽውም አለ፣ ያውም ቡድሃን የሚነካ። አባ እንባቆም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ ታሪክ አለ። ይዋሴፍ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ክፉ እንዳያይ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያሳድገዋል፣ ልጁ ግን ወጥቶ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን ያውቃል፣ ይመንናል። ከየት እንደመጣ አወቅሽው? ቡድሃ የሆነው የሲድሃርታ ታሪክ ነው፣ ከህንድ ተነስቶ በፋርስና በዓረብ አገር አልፎ፣ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ ግዕዝ የደረሰ። ቡድሃን ስታስተምሪ ይህን ብትነግሪያቸው «የውጭ መምህርት» መሆንሽ ራሱ የትምህርቱ አካል ይሆናል። የሙግት ትምህርት ላይ ደግሞ የእኛን በላ ልበልሃ ንገሪያቸው። ባላጋራዎች ዛፍ ሥር በሰው ፊት «ተጠየቅ» እየተባባሉ፣ በግጥምና በምሳሌ የሚሟገቱበትን። ምሳሌ የሌለው ሙግት ዋጋ እንደሌለው ከኒያያ በፊት ያስተማረኝ የአገሬ ዳኝነት ወሬ ነው። የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ማስገባት ትችያለሽ፣ ግን ደራሲው ማን እንደሆነ ክርክር እንዳለ ሳትደብቂ። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የተጻፈው አለ፣ ሌላው ምሁር ክላውድ ሳምነር የኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ተሟገተ፣ ክርክሩ እስከዛሬ አልተዘጋም። እዚህም «በምን አወቅህ?» ይሠራል።

ፈተናውን አትናቂው፣ የልጆቹ ዩኒቨርሲቲ በእሱ ላይ ነው። እኔ በሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜ ለፈተና ብቻ እተው ነበር። ቃላቱን፣ ስሞቹን፣ የመጽሐፉን ቅደም ተከተል። የተከራከሩበትን ነገር መሸምደድ ቀላል ነው። አምስቱን የኒያያ እርምጃዎች አንድም ልጅ ረስቶብኝ አያውቅም፣ ምክንያቱም ሁሉም የሠርጉን ጭስ ያስታውሳል።

የመጀመሪያው ወር ውስጥ ከሦስት ጥያቄ በላይ አታንሺ። የልደት ቀኑ፣ ጭሱ፣ እስክሪብቶው። ፑኔ ዙሪያውን ኮረብታ ነው፣ መስኮት ካለሽ ክፈቺና ኮረብታውን አሳዪያቸው። ያፈረሱብሽን ምሳሌዎች ደብተር ላይ ያዢና ላኪልኝ፣ የሠርጉን ማሽን የሚበልጥ ካገኘሽ በተለይ።